የአያትን ሰደፍ ስናድስ ምን እንፋቅ፣ ምን እንተው?

(በወጣቶች የእሁድ መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ነው። ላልተገኛችሁ እንዲደርሳችሁ በጽሑፍ አቅርበነዋል። ረዘም ያለ ነው፤ እስከ መጨረሻው አንብቡት፣ ለወዳጅም አጋሩት።)



እኔ ተናጋሪ አይደለሁም። አናጢ ነኝ። እጄ ላይ ያለው ኮላ እንኳ በደንብ አልለቀቀም። አዘጋጆቹ «ስለ አባቶች ቅርስ ተናገር» ሲሉኝ ስለ ጦርነት የሚናገር ሌላ ሰው ፈልጉ አልኳቸው። እኔ የማውቀው እንጨት ነው። እንጨት ከሆነ ደግሞ አንድ የምነግራችሁ ነገር አለኝ፤ እሱም የሰደፍ ነገር ነው።

በየቤታችሁ፣ በተለይ ገጠር ቤተሰብ ያላችሁ፣ አንድ አሮጌ ጠመንጃ ግድግዳ ላይ ወይም ከሣጥን ጀርባ ይኖር ይሆናል። የአያት ነው፣ የቅድመ አያት ነው። ሰደፉ ጠቁሯል፣ ተሰንጥቋል፣ አንዱ ጎኑ ተቦርሿል። እና አንድ ቀን አንተ፣ ወይም አንቺ፣ «ይሄን ነገር ላሳምረው» ብላችሁ ትነሣላችሁ። ፍላጎቱ ጥሩ ነው። ግን በጥሩ ፍላጎት የሚጠፋ ነገር አለ። እኔ አጥፍቻለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ጥፋቴን ልንገራችሁ፣ ከዚያ ሥራውን ደረጃ በደረጃ እናያለን።

ጊዜው 1994 ዓ.ም. ነበር። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እንጨት ሥራ ከጀመርኩ ገና ሦስተኛ ዓመቴ፤ ሁሉን የማውቅ የሚመስለኝ ጊዜ። የአያቴ ጠመንጃ መንዝ፣ በአጎቴ ቤት ነበር። አያቴ በአምስቱ ዓመት የጠላት ዘመን ዱር የገቡ ሰው ናቸው። አጎቴ ጠመንጃውን አስመዝግበው፣ እንደ ዓይናቸው ብሌን ጠብቀው ያኖሩት ነበር። ለፋሲካ ስሄድ ሰደፉን አየሁት። ጥቁር ነው፣ ቅባትና ጢስ የጠጣ ነው፣ በቀኝ ጎኑ ላይ የተጫጫረ ነገር አለ። «ጋሼ፣ ይሄን እኔ አዲስ አደርግልዎታለሁ» አልኳቸው። ደስ አላቸው። የእጅ ሥራ የተማረ ልጅ ቤት መጣ ማለት እኮ ነው!

ምን አለፋችሁ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ሠራሁ። በሻካራ የብርጭቆ ወረቀት ፋቅሁት። ቀጥዬ በለስላሳ። እንጨቱ እስኪነጣ ድረስ። ከዚያ የሚያብረቀርቅ ቬርኒሽ ሦስት እጅ ቀባሁት። እንደ መስታወት ፊት ያሳያል። ለአጎቴ ወስጄ ሰጠኋቸው።

አጎቴ በዚያን ጊዜ ዓይናቸው በሞራ ተጋርዶ ነበር። ስለዚህ አላዩትም፤ ዳሰሱት። እጃቸውን ከሰደፉ ጫፍ ጀምረው ወደ ላይ አስኬዱት። ቀኝ ጎኑ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። መልሰው ዳሰሱ። ሦስተኛ ጊዜ ዳሰሱ።

«ልጄ፣ ይሄ የማን ነው?» አሉኝ።

«የአባትዎ ነው እንጂ ጋሼ፤ ያው ጠመንጃው ነው።»

«ሦስቱ መስመሮችስ?»

የተጫጫረ ያልኩት ነገር ሦስት አጫጭር መስመሮችና አንድ ትንሽ መስቀል ነበር። በቢላ ጫፍ የተሠራ። እኔ ልጅ ሆኜ «አያታችን የገደሏቸው ጣሊያኖች ቁጥር ነው» ሲባል ሰምቼ ነበር። አጎቴ የዚያን ዕለት ነገሩኝ፦ የሰው ቁጥር አይደለም። ሦስቱ መስመር ሦስት ክረምት ነው። አያቴ ከቤታቸው ርቀው ዱር ያሳለፉት ሦስት ክረምት። መስቀሉ ደግሞ በሁለተኛው ክረምት በወባ የሞተ ታናሽ ወንድማቸው ነው። መቃብሩ የት እንደሆነ ማንም አያውቅም። የቀረለት ምልክት እሱ ብቻ ነበር።

እኔ ያንን ምልክት በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ፣ ዱቄቱን በመጥረጊያ ጠርጌ ጥዬዋለሁ።

አጎቴ አልተቆጡኝም። «በል ይሁን፣ እግዜር ያውቀዋል» ብለው ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ ሰቀሉት። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ሁሉ ከዚያች ቀን የመጣ ነው። ነገሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ላስቀምጠው፦ ቆሻሻውን አንሡ፣ ምልክቱን ተዉ፤ የራሳችሁን ምልክት ደግሞ ሊነቀል በሚችል ነገር ላይ አድርጉ። የቀረው ዝርዝር ነው። እንሂድ።

መጀመሪያ፣ በእጃችሁ ያለው ምንድን ነው?

አባቶቻችን የጠመንጃ ስሞችን ወደ አማርኛ አምጥተው የራሳቸው አድርገዋቸዋል። ስናድር የምንለው የእንግሊዙ ስናይደር ነው፤ በ1860 ዓ.ም. የናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት የታጠቀው። ውጅግራ የፈረንሳዩ ፉዚል ግራ ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1874 ሞዴል። ለበን እ.ኤ.አ. በ1886 የወጣው ለቤል ነው። ምንሽር የኦስትሪያው ማንሊከር ነው። ቤልጅግ ከቤልጂየም የመጣው ነው። በዐድዋ ብዙው የጣሊያን ወታደር የያዘው ደግሞ ቬተርሊ ነበር፤ ከድሉ በኋላ ስንቱ ወደ ኢትዮጵያዊ ቤት እንደገባ አስቡት።

እንግዲህ የእነዚህ የአውሮፓ ጠመንጃዎች ሰደፍ በአብዛኛው የተሠራው ዋልነት ከሚባል እንጨት ነው። ለምን ዋልነት? ጠንካራ ነው፣ ግን እንደ ወይራ አይከብድም። በቀላሉ አይሰነጠቅም። ሲረጥብና ሲደርቅ ብዙ አይጣመምም። ቀለሙ ቡናማ ሆኖ ጥቁር ጅማት አለው። ያ ጥቁር ሆኖ የምታዩት ሰደፍ ከሥሩ ይሄ እንጨት አለ።

በእንጨቱ ላይ ሁለት ዓይነት ምልክት ታገኛላችሁ። አንደኛው የፋብሪካው ነው። ለምሳሌ በፈረንሳይ ጠመንጃዎች ሰደፍ ቀኝ ጎን ላይ ክብ ማህተም ይኖራል፤ ቁጥርም ይመታበታል። ሁለተኛው የባለቤቱ ነው። ፊደል፣ መስቀል፣ መስመር፣ የነሐስ ምስማር፣ በጠፍር የታሰረ ስንጥቅ። የፋብሪካው ምልክት ጠመንጃው ከየት እንደተነሣ ይነግራችኋል። የባለቤቱ ምልክት የት እንደደረሰ ይነግራችኋል። ሁለቱም አይነኩም።

ሁለተኛ፣ ሕግና ጥንቃቄ።

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። በአገራችን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። መሣሪያ የሚያዘው በፈቃድ ነው። የአያት ነው፣ ቅርስ ነው፣ አይሠራም ብሎ ነገር ከሕግ አያወጣም። ስለዚህ ሞረድ ከማንሣታችሁ በፊት ወረቀቱን አንሡ። ካልተመዘገበ ወደሚመለከተው አካል ሄዳችሁ ጠይቁ። ከተመዘገበም «ሰደፉን ማደስ እፈልጋለሁ፣ ምን ይፈቀድልኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ አያሳፍርም። ውጭ አገር ያላችሁም እንዲሁ፤ የምትኖሩበት አገር ሕግ ሌላ ነው።

ከዚያ ባዶ መሆኑን አረጋግጡ። እኔ ብቻዬን አላረጋግጥም። መሣሪያ የሚያውቅ፣ ፈቃድ ያለው ሰው ያየዋል፣ እኔም አያለሁ። ጥይት የሚባል ነገር ሥራ ቤቱ ውስጥ አይገባም፤ ለጌጥም ቢሆን። ልጆችም አይገቡም። አፈሙዙ ሁልጊዜ ሰው ወደሌለበት ይዞራል። «ባዶ ነው» እየተባለ ስንት ቤት እንዳለቀሰ እናንተም ታውቃላችሁ።

ሦስተኛ ነገር፦ እኛ የምንነካው እንጨቱን ብቻ ነው። ብረቱ የባለሙያ ነው። እንጨቱን ከብረቱ የሚለያይ የሚያውቅ ሰው ካላገኛችሁ አትለያዩት፤ ብረቱን በፕላስተር ሸፍናችሁ እንዳለ ሥሩ። በማይገጥም ካቻቢቴ የድሮ ብሎን ጭንቅላት ከማበላሸት እንጨቱን እንዳለ መተው ይሻላል።

እና አንድ ነገር ልጨምር፤ ለዘመናችን ነው። ከጠመንጃው ጋር ፎቶ ተነሥታችሁ፣ ቁጥሩ እየታየ፣ ቤታችሁ እየታየ እዚህ ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ። ሌባ ያነባል። ቅርስ የሚጠበቀው ዝም በማለትም ነው።

አሁን ወደ ሥራው።

አንድ፦ እዩ፣ መዝግቡ።

የመጀመሪያው ቀን ሥራ መሣሪያ አያስፈልገውም። ሰደፉን በቀን ብርሃን፣ በመስኮት አጠገብ፣ ከጎን እያዘነበላችሁ እዩት። ብርሃን ከጎን ሲመታ ያልታየ ጭረት ይታያል። ሁሉን ጎን ፎቶ አንሡ። ከዚያ ቀጭን ነጭ ወረቀት ምልክቱ ላይ አድርጋችሁ በእርሳስ ጎን በቀስታ አሻሹት፤ ልጅ ሆናችሁ ሳንቲም ከወረቀት ሥር አድርጋችሁ እንደምታደርጉት። ምልክቱ ወረቀቱ ላይ ይወጣል። ያንን ወረቀት ቀን ጽፋችሁበት አስቀምጡ።

ከዚያ ሂዱና ጠይቁ። አክስት ጋ፣ አጎት ጋ፣ ጎረቤት ሽማግሌ ጋ። «ይሄ መስመር ምንድን ነው? ይሄን ምስማር ማን መታው?» በሉ። የሚነግሯችሁን በስልካችሁ ቅዱ። እኔ ይህን አንድ ጥያቄ ከመፋቄ በፊት ብጠይቅ ኖሮ ዛሬ እናንተ ፊት ቆሜ ይሄን አላወራም ነበር። ሽማግሌው ዛሬ አለ፤ ነገ ላይኖር ይችላል። ሰደፉ ግን ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ቅድሚያ ለሰውየው።

ሁለት፦ ማጽዳት።

ጥቁሩ ነገር ሁሉ እድሜ አይደለም። የተወሰነው የእጅ ላብ፣ የተወሰነው ጢስ፣ የተወሰነው ለብረቱ የተቀባ ዘይት ወደ እንጨቱ ወርዶ ነው። የመጨረሻው ጎጂ ነው፤ የማሽን ዘይት ለረጅም ዘመን የጠጣ እንጨት ይለሰልሳል። በተለይ ቀጭኑ የሰደፍ አንገት ላይ።

በጨርቅ ትንሽ የቀለም ማቅጠኛ ነክራችሁ በእንጨቱ ጅማት አቅጣጫ ጥረጉ። ጨርቁ ይጠቁራል፤ ቀይሩት። ዘይት የጠጣው ቦታ ላይ ደግሞ ጠመኔ ፈጭታችሁ ከአሴቶን ጋር እንደ ሊጥ አድርጋችሁ ለጥፉበት። ሲደርቅ ጠመኔው ዘይቱን ስቦ ይቢጫል ወይም ይጠቁራል። በለስላሳ ብሩሽ አራግፉትና ድገሙት። አንድ ቀን አይበቃም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ይፈልጋል። ይሄ ሁሉ ደጅ ወይም በር መስኮት ተከፍቶ ነው የሚሠራው፤ ሲጋራ፣ ከሰል፣ ቡና የሚፈላበት እሳት አጠገብ የለም።

የሽቦ ብሩሽ አይነካውም። ውኃ ውስጥ አይዘፈዘፍም። የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ የሚባል ኃይለኛ ኬሚካል አይፈስበትም። እና የብርጭቆ ወረቀት? ገና አልደረስንም። ምናልባትም አንደርስም።

ሦስት፦ የተሰረጎደውን ማንሣት።

ይሄ ደስ የሚል ሥራ ነው። እንጨት ሲመታ ክሩ ተጨፍልቆ ይሰረጉዳል። የተጨፈለቀ ክር ግን ሞተ ማለት አይደለም። እንፋሎት ሲያገኝ ያብጣል። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ አርጥባችሁ ስርጉዱ ላይ አድርጉ፣ የጋለ ካውያ ጫፍ ለጥቂት ሴኮንድ አስነኩት። ሽሽሽ ይላል። አንሡና እዩ። ድገሙት። ብዙውን ጊዜ እንጨቱ ቀስ በቀስ ወደ ቦታው ይመለሳል። ክሩ ከተቆረጠ ግን፣ ማለትም በቢላ ወይም በስለት ከሆነ፣ አይመለስም።

አስተውሉ፦ አጎቴ ዳስሰው ያጧቸው መስመሮች የቢላ ናቸው። እንፋሎት ብጠቀም ኖሮ ግጭቱ ይነሣል፣ የአያቴ መስመር ይቀራል። እንጨቱ ራሱ ለይቶ ይሰጠኝ ነበር። ሻካራው ወረቀት ግን ግጭትና ታሪክ አይለይም።

በማኅተሙና በባለቤቱ ምልክት ላይ ግን ካውያ አታስጠጉ። የታተመ ነገር የተጨፈለቀ ክር ስለሆነ እሱም አብጦ ሊጠፋ ይችላል።

አራት፦ ስንጥቅ።

ሰደፍ ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው አንገቱ ላይ ነው፤ እጅ የሚጨብጠው ቀጭኑ ቦታ። እዚያ እንጨቱ ቀጭን ነው፣ የእንጨቱ ጅማትም ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ አይሄድም።

አባቶች ይሄን በምን ይጠግኑት ነበር? በጠፍር። ጥሬ ቆዳ በቀጭኑ ሸንሽነው፣ ውኃ አጠጥተው፣ እንደራሰ ጥብቅ አድርገው ይጠመጥሙታል። ቆዳው ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር ስንጥቁን እንደ ብረት ይዞ ያጣብቀዋል። ኮላ የለ፣ ምስማር የለ። የአልጋ ጠፍር የሚጠፍር ሰው ያውቀዋል። ሰደፋችሁ ላይ እንዲህ ያለ የጠፍር ጥምጥም ካገኛችሁ «አሮጌ ቆዳ» ብላችሁ አትፍቱት! እሱ ራሱ ቅርስ ነው፤ የአንድ ሰው ብልሃት ነው።

ጥምጥም ከሌለና ስንጥቁ እየሰፋ ከሄደ ኮላ ይፈልጋል። ነጩ የአናጢ ኮላ ዘይት በጠጣ እንጨት ላይ አይዝም። ሁለት ሆኖ የሚቀላቀለው ኤፖክሲ ይሻላል። ስንጥቁን በአሴቶን አጽዱ፣ ይድረቅ። ኮላውን በቀጭን ስንጥር ወደ ውስጥ አስገቡ። ሰደፍ ክብ ስለሆነ ሞርሳ አይጨብጠውም፤ አንድ ብልሃት ልንገራችሁ፦ የብስክሌት ከመነዳሪ በቀጭኑ ቆርጣችሁ እየለጠጣችሁ ጠምጥሙበት። እኩል አድርጎ ይይዛል። ከሥሩ ላስቲክ አድርጉ፣ እንዳይጣበቅ። ወጣ ያለውን ኮላ ሳይደርቅ ጥረጉ። ሃያ አራት ሰዓት አትንኩት።

ይሄን ጻፉልኝ፦ በኮላ የተጠገነ የድሮ ሰደፍ ለግድግዳ ነው። ለተኩስ አይደለም። ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለጥምቀት ወደ ሰማይ ለመተኮስ በፍጹም አይደለም። የወጣ ጥይት ይወርዳል፤ ሲወርድ ሰው አለ።

አምስት፦ የጎደለ እንጨት።

ሰደፉ ላይ ቁራጭ ከጎደለ መጣፍ ይቻላል። ዋልነት ቁራጭ ካገኛችሁ ጥሩ፤ ከድሮ የውጭ ዕቃ ሊገኝ ይችላል። ካላገኛችሁ ዋንዛ እመርጣለሁ። ለመሮ ይመቻል፣ ቀለሙም ይቀራረባል። ግን ዋንዛ ከተፈጥሮ ደን አይቆረጥም፤ ዛፉ ጥበቃ ላይ ነው። ከፈረሰ ቁምሣጥን፣ ከድሮ ወንበር ቁራጭ ውሰዱ። እንዲያውም የቆየ እንጨት ይሻላል፤ መጣመሙን ጨርሷል። ባሕር ዛፍ አይሆንም፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል። ጽድ ሽታው ጥሩ ነው፣ ግን በቀላሉ ይፈነከታል።

የጥገናው ቁራጭ ጅማት ከሰደፉ ጅማት ጋር በአንድ አቅጣጫ ይሂድ። መሮውን አስሉ። ቀዳዳውን ለቁራጩ አታስፉ፤ ቁራጩን ለቀዳዳው አሳንሱ። የአያት እንጨት አይቆረጥም፣ የእናንተ ይቆረጣል። ጥገናውንም ሰው እንዳያየው ብላችሁ አትጨነቁ። ቀረብ ብሎ ለሚያይ ሰው መታወቁ ጥሩ ነው፤ ይሄ የድሮው፣ ይሄ የልጅ ልጅ ሥራ ይባል።

የብርጭቆ ወረቀት የሚያስፈልገው እዚህ ብቻ ነው፤ አዲሱ ቁራጭ ላይ። ቁጥር 120፣ ከዚያ 180፣ ከዚያ 240። ሁልጊዜ በጅማቱ አቅጣጫ። ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ አበስ አድርጉት፤ ፀጉሩ ይቆማል። ሲደርቅ በ320 ቀለል አድርጋችሁ አስተኙት። ብረትና እንጨት በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ግን ወረቀት አይደርስም። እዚያ እንጨት ከቀነሰ ብረቱ ወጥቶ ይታያል፣ አቀማመጡም ይላላል።

ስድስት፦ ዘይት።

አሁን የሚያስደስተኝ ቦታ ደረስን። እነዚያ የአውሮፓ ፋብሪካዎች ለሰደፍ ይቀቡ የነበረው ዘይት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የተልባ ዘይት! እናቶቻችን ለጾም የሚቆሉት፣ የሚወቅጡት፣ የሚበጠብጡት ያው ተልባ። እኔ ያን ዘመን የሚያብረቀርቅ የፋብሪካ ቬርኒሽ ስፈልግ ከተማ ለከተማ ዞሬ ነበር፤ መድኃኒቱ ግን አጎቴ ቤት ጓዳ ውስጥ ነበር።

ቬርኒሽ ላይ ላዩን እንደ ጠርሙስ ይቀመጣል። ሲሰነጠቅ ይላጣል። የተልባ ዘይት ወደ እንጨቱ ይገባል፣ ከአየር ጋር ተዋህዶ ውስጥ ለውስጥ ይጠነክራል። ጥሬው ዘይት ለመድረቅ ብዙ ቀን ይፈልጋል። ከቀለም ሱቅ «የተቀቀለ» እየተባለ የሚሸጠው ቶሎ ይደርቃል፤ ማድረቂያ ኬሚካል አለበትና ለምግብ አይነካም፣ ከወጥ ቤት አርቁት።

አቀባቡ እንዲህ ነው፦ በጣም ጥቂት። ጥቂት ጠብታ በጨርቅ፣ ከዚያ በመዳፍ እስኪሞቅ ማሸት። ሩብ ሰዓት ቆዩና የተረፈውን ሁሉ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ካልጠረጋችሁ እንደ ሙጫ ይጣበቃል፣ አቧራ ይሰበስባል። የድሮ አናጢዎች ደንብ አላቸው፦ በቀን አንዴ ለሳምንት፣ በሳምንት አንዴ ለወር፣ በወር አንዴ ለዓመት። ትዕግሥት ነው።

አንድ አደጋ አለ፤ በደንብ ስሙኝ። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ክብሪት የለም፣ እሳት የለም። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፣ የተጠቀለለ ጨርቅ ሙቀቱን ያምቀዋል፣ ከዚያ ይነዳል። እኔ ሥራ ቤት ውስጥ አንድ ማታ ከቅርጫት ጢስ ሲወጣ ደርሼ አጥፍቻለሁ፤ ግማሽ ሰዓት ብዘገይ ቤቱም እኔም አልነበርንም። ስለዚህ ጨርቁን ደጅ ዘርግታችሁ አድርቁት፤ ወይም ውኃ በሞላ የቆርቆሮ ዕቃ ውስጥ ነክራችሁ ክደኑት። ያለዚህ ጥንቃቄ ሥራውን ባትጀምሩት ይሻላል።

ሰባት፦ የእናንተ ምልክትስ?

አውቃለሁ፣ ብዙዎቻችሁ የምትጠብቁት ይሄን ነው። «አንበሳ ልቅረጽበት»፣ «ባንዲራ ልቀባው»፣ «ስሜን ልጻፍበት»፣ «ለእኔ ቁመት ላሳጥረው» የሚሉኝ ወጣቶች ይመጣሉ። በመጋዝ የተቆረጠ ሰደፍ ተመልሶ አይበቅልም። በአያት ሰደፍ ላይ አዲስ አንበሳ መቅረጽ ደግሞ በአያት ደብዳቤ ላይ የራስን ጽሑፍ እንደ መጻፍ ነው። ደብዳቤው የእሳቸው ነው። አንተ መልስ መጻፍ ትችላለህ፤ ግን በሌላ ወረቀት።

ያ ሌላ ወረቀት ምንድን ነው? ሁለት ነገር አለ።

አንደኛው መስቀያው ነው። ከዋንዛ ወይም ከወይራ ቁራጭ፣ ሁለት ክንድ ያለው የግድግዳ መስቀያ ሥሩ። ጠመንጃው የሚያርፍበትን በቆዳ ወይም በወፍራም ጨርቅ አልብሱት። እሱ ላይ የፈለጋችሁትን ቅረጹ! አንበሳ፣ ሐረግ፣ የአያት ስም፣ የዘመቱበት ቦታ፣ ዓመተ ምሕረት፣ የእናንተም ስም። ጥበባችሁን አሳዩ። የነገ ልጅ ካልወደደው መስቀያውን ይለውጣል፤ ጠመንጃው አይነካም። በሰንሰለትና በቁልፍ የሚታሠርበት ቦታም አብራችሁ አስቡበት፤ ሕጉም፣ ልጆቻችሁም ይፈልጉታል።

ሁለተኛው የቆዳ ልባስ ነው። ሰደፉ ለንክኪ ከተጋለጠ ከለፋ ቆዳ ልኩን ቆርጣችሁ፣ በጠፍር እያሰራችሁ አልብሱት። ሙጫ የለም፣ ምስማር የለም። ቆዳው ላይ ስፉ፣ አትሙ። ሲፈለግ ይፈታል። ከሥሩ የአያት ምልክት እንዳለ ይጠብቃችኋል። ብቻ ልባሱን በየጊዜው እየፈታችሁ አየር አስገቡለት፤ እርጥበት እንዳይታመቅ።

እንግዲህ ሥራው ይሄ ነው። አንድ ሰደፍ፣ ጥቂት ጨርቅ፣ ካውያ፣ ተልባ ዘይት፣ አንድ ወር ትዕግሥት። የሚያስፈልገው ገንዘብ ትንሽ ነው። የሚያስፈልገው እጅን መግታት ነው።

ወጣቶች፣ ስለ አባቶች ታሪክ ብዙ እንናገራለን። እንጮኻለን፣ እንከራከራለን፣ በየገጹ እንጻጻፋለን። ግን ታሪኩ ራሱ በእጃችን ሲገባ፣ እንደ እኔ «ያረጀ ነው፣ ላሳምረው» ብለን ፍቀን እንጥለዋለን። የተጫጫረ መሰለን እንጂ ደብዳቤ ነበር። ቅርስ የሚጠፋው በጠላት ብቻ አይደለም፤ በገዛ ልጁ እጅ፣ በፍቅርም ይጠፋል።

አጎቴ ዐርፈዋል። ጠመንጃው አሁንም መንዝ፣ በልጃቸው ቤት ነው። ከዓመታት በኋላ ሄጄ ያንን ቬርኒሽ በትዕግሥት አንሥቼ በተልባ ዘይት አሻሸሁት። አሁን የሚገባውን ይመስላል። ሦስቱን መስመርና መስቀሉን ግን መልሼ አልቀረጽኩም። የአጎቴ ልጅ «ቅረጸውና ይመለስ» ብሎኝ ነበር። እምቢ አልኩ፤ የእኔ ቢላ የአያቴ ቢላ አይደለም። በምትኩ የዋንዛ መስቀያ ሠርቼ፣ እሱ ላይ ሦስት መስመርና አንድ መስቀል ቀረጽኩ፤ ከሥሩም ምን ማለት እንደሆነ፣ ማን እንደነገረኝና ዋናውን ማን እንዳጠፋው ጻፍኩ። ሐቁ ይሄ ስለሆነ።

አሁን ወደ ቤታችሁ ስትሄዱ ያንን ሰደፍ እዩት። በመጀመሪያ ግን ሽማግሌውን ጠይቁት።

 እጃችሁ ይባረክ።

ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር!